ድምፅ ማጉያ የማይሻ መድረክ

የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል። ቆማችሁ እንደምታነቡ ስለምናውቅ እግራችሁ እንዳይዝል በአጫጭር ክፍሎች ከፋፍለነዋል። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ማንበብም ይቻላል። ወረቀቱ የትም አይሄድም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ማደሪያ ቤታችን ውስጥ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም እያጉረመረምን ተኛን። ሁለተኛው ግን ቅዳሜ ማታ ነበር። እንቅልፍ አልመጣም፣ የስልኩም ባትሪ አለቀ። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ከአልጋው ሥር ሳጥኑን ጎትቶ አወጣና በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ፈታ። ማሲንቆ ነው! ስድስት ወር ሙሉ አብረነው ስንበላና ስንተኛ ማሲንቆ እንዳለው አንድም ሰው አላወቀም ነበር።

መጫወት ሲጀምር የሌሎች ክፍሎች ልጆች እየዳሰሱ መጡ። ኮሪደሩ ሞላ። አንዱ ክራሩን አመጣ፣ ሌላው የውኃ ጄሪካን ገልብጦ ከበሮ አደረገው፣ ከሴቶች ማደሪያ በኩል እልልታ ተሰማ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ስንቱ ዘፈነ መሰላችሁ! ክፍል ውስጥ ሲጠየቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማው ልጅ ሳይቀር ዘፈነ።

በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ «ለካስ አዝማሪ ኖሯል!» አለ። ሳቅ ሆነ። እውነቱን እንናገር ካልን እኛም ስቀናል። የማሲንቆው ባለቤት ራሱ አብሮን ሳቀ። ማታ ግን ማሲንቆውን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ሳጥኑ መለሰና ቆለፈበት። ይህን ጽሑፍ ያጻፈን ያ ቁልፍ ነው።

ክፍት መድረክ ማለት ምን ማለት ነው?

ክፍት መድረክ ማለት አስቀድሞ የተመረጠ ዘፋኝ የሌለበት፣ መጫወት የሚፈልግ ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ ተራውን ጠብቆ የሚጫወትበት ምሽት ነው። የሚጫወቱት ካሴት ያላወጡ፣ በዛሬ አነጋገር አልበም የሌላቸው፣ ከማንም አሳታሚ ጋር ውል ያልፈረሙ ሰዎች ናቸው። ተማሪ፣ ሾፌር፣ አናጢ፣ ነርስ፣ ማንም ሊሆን ይችላል። ያለ ድምፅ ማጉያ ሲሆን ደግሞ የሚሰማው የሰው ጉሮሮና የመሣሪያው እንጨት ብቻ ነው።

በሌላ አገርም ይህ የታወቀ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ጌርድስ ፎክ ሲቲ የሚባል ቤት ነበረ። በዚያ ቤት ሰኞ ማታ መድረኩ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ጊታሩን ይዞ በዚያ ይጫወት ከነበሩት ያልታወቁ ልጆች አንዱ ቦብ ዲላን ይባላል። ከ55 ዓመት በኋላ ይኸው ሰው የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው።

እንግዲህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ይሉ ይሆናል። ስሙ የፈረንጅ ሊሆን ይችላል፣ ሥራው ግን የቤታችን ነው። እስቲ በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ዙሪያችንን እንመልከት።

በደጃችን ያለው መድረክ

ለቡሄ ከአየር ጤና እስከ አጠና ተራ የልጆቹን ሆያ ሆዬ ያልሰማ ማን አለ? አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ዱላው መሬቱን እየመታ ምቱን ይጠብቃል። ማንም አልመረጣቸውም፣ ማንም አላሠለጠናቸውም። መድረካቸው የሰው ደጃፍ ነው። ድሮ ክፍያቸው ሙልሙል ዳቦ ነበር፣ አሁን ደግሞ ብር ነው። ድምፁ ያማረ ልጅ በዚያች ቀን በሰፈሩ ይታወቃል። ለዘመን መለወጫም ሴት ልጆች አበባዮሽን ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ።

ከዚያ ደግሞ ላሊበላዎች አሉ። በአንዳንድ አገር ሐሚና ይሏቸዋል። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ ያለ ምንም መሣሪያ በሰው በር ላይ ቆመው ይዘፍናሉ። የቤቱን ጌታ ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዘፈናቸው ያስገቡታል። ተኝቶ የነበረ ሰው ስሙ ሲዘፈን ይነሳና ይሰጣል። ይህ ሁሉ ያለ ማጉያ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ውል የሚደረግ ነው።

«ተቀበል!»

ከሁሉም ይልቅ ለክፍት መድረክ የሚቀርበው ግን የአዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የማታውቁ ትኖራላችሁና አሠራሩን እናስረዳ።

ቤቱ ጠባብ ነው። እንግዶች በግድግዳው ዙሪያ በዝቅተኛ በርጩማ ይቀመጣሉ። ጠጁ በብርሌ ይቀርባል። አዝማሪው ከእንግዶቹ ርቆ አይቀመጥም፣ ማሲንቆውን እየመታ በመካከላቸው ይዘዋወራል። ብዙ ጊዜ ሴት ዘፋኝ አብራው ትኖራለች፣ ከበሮም ይኖራል። ስምህን፣ ሥራህን፣ ከማን ጋር እንደመጣህ ቀስ ብሎ ይጠይቅና በዚያው ቅጽበት ግጥም ያደርገዋል። ያወድስሃል፣ ወዲያው ደግሞ ይነካካሃል። ሰምና ወርቅ ስለሆነ የተሰደብከው ቤትህ ከገባህ በኋላ ሊገባህ ይችላል።

ዋናው ነገር ግን እንግዳውም ገጣሚ መሆኑ ነው። ስንኝ የመጣለት ሰው «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ዝም ይልና ያዳምጣል፣ ከዚያ ስንኙን በዜማ አድርጎ ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። ግጥም ሰጪው ድምፅ አያስፈልገውም፣ ዜማ ማወቅም አያስፈልገውም፣ ቃል ካለው ይበቃል። የዚያን ቅዳሜ ማታ ከመካከላችን አንዱ በጨለማው ውስጥ እንዲህ ብሎ ሰጠ፦

አምፖሉ ቢጠፋም አልከፋንም ከቶ፣
ልብ ይታይ ጀመር ፊት ሁሉ ተረስቶ።

ግጥሙ ይህን ያህል የሚደነቅ ላይሆን ይችላል። ማሲንቆው ሲቀበለው ግን ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰጪው ልጅ እስከ ዛሬ ድረስ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አንድ ሰው ተጫወተ እንጂ ሁለት ሰው መድረክ ላይ ወጣ።

ዘፋኙና ውሉ

ውል ያልፈረመ ዘፋኝ ስንል ውል መፈረም ራሱ በአገራችን የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑን ማወቅ ይገባል። አዝማሪ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጫወት የኖረው በቃል ስምምነት ነው። በድግስ፣ በሠርግ፣ በጦር ሜዳ፣ በመኳንንቱ ግቢ ይጫወታል፣ የሚበላውና የሚለብሰው ከዚያ ነው። ወሬ የሚያደርሰውም እሱ ነበር። ጋዜጣ ባልነበረበት አገር ማን እንደ ጀገነ፣ ማን እንደ ፈራ፣ ማን ድኻ እንደ በደለ ሕዝቡ የሚሰማው ከአዝማሪ አፍ ነው።

ይህን ጠላትም ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ሊያዙና ሊገደሉ ይገባል ብሎ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ነበሩበት። አንድ ጭራ ካለው እንጨት ውጭ መሣሪያ ያልያዘ ሰው መድፍና አይሮፕላን ያለውን ጦር አስፈራ ማለት ነው። አዝማሪን ስንንቅ ይህን መርሳት የለብንም።

የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተወልድ መሪነት ሲመሠረት ባህላዊ ተጫዋቾች ወደ ቲያትር መድረክ የሚወጡበት በር ተከፈተ። ወደ 1955 ዓ.ም. ገደማም ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሞ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ መድረክ አሰለፈ። ኋላም ተስፋዬ ለማ መርተውታል።

ሸክላ የማሳተም መብት ግን ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በትእዛዝ የተያዘው በሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እንግዲህ ዘፋኙ ውል ልፈርም ቢል እንኳ የሚፈርምለት ነጋዴ አልነበረም። አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት በ1961 ዓ.ም. ገደማ ይህን ተላልፎ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣው ዓለማየሁ እሸቴን ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ያሳተማቸው ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎች ከ100 በላይ ናቸው። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የዚያ ዘመን ሙዚቃ ከፍ ያለ ክፍሉ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ የማታ ጨዋታ ተዳከመ። በሌላ በኩል ግን ቀበሌዎች የኪነት ቡድን አቋቁመው ስለነበር ብዙ የሰፈር ልጆች መጀመሪያ ማይክራፎን የጨበጡት በዚያ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እላፊው ሲነሳ አዝማሪ ቤቶች በአዲስ አበባ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ እንደገና ፈሉ። ከነዚህ አንዱ ፈንዲቃ ነው። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ በዚህ ቤት ለዓመታት በእስክስታ ሽልማት ብቻ ሲኖር ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ተረከበና የባህል ማዕከል አደረገው። አዝማሪዎችን ከጃዝ ተጫዋቾች፣ ከሠዓልያንና ከገጣምያን ጋር አገናኘበት። ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ፈንዲቃም በ2017 ዓ.ም. ከነበረበት ቦታ ለቀቀ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ሸክላ ይመጣል፣ ካሴት ይመጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ቤት ይፈርሳል። ሁልጊዜም የሚተርፈው አንድ ሰው የሚጫወትበትና ጥቂት ሰው የሚያዳምጥበት ጠባብ ቦታ ነው። እሱን ደግሞ ማንም ሊያዘጋጅ ይችላል። እኛም እንችላለን።

መሣሪያዎቹ ለምን ዝምታ ይፈልጋሉ?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የባህል መሣሪያዎቻችን የተሠሩት ለቅርብ ጆሮ ነው።

ማሲንቆ አራት ማዕዘን የሆነ የእንጨት ሳጥን ነው፣ ሁለት ፊቱ በቆዳ ይለበጣል። አንድ ክር ብቻ አለው፣ እሱም ከፈረስ ጭራ የተገመደ ነው። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራው እንዳይንሸራተት ሙጫ ይታሻል። ጓደኛችን እንዳስረዳን ብርድና እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፣ በዚህ ጊዜ እሳት ዳር ሞቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ክር ስለሆነ ቀላል የሚመስለው ካለ እንዲሞክረው እንጋብዛለን። እኛ ሞክረነው ድመት የተረገጠች ነው የመሰለው!

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። የሚቃኘው እንደ ቅኝቱ ነው። ዋነኞቹ ቅኝቶች አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተመሠረቱ ናቸው። ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ ሊያልፍ ሲፈልግ ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት። ስለዚህ በሁለት ዘፈን መካከል ዝም ብሎ ክር ሲያጠብቅና ሲያላላ ብታዩት «ምን ይጠብቃል?» ብላችሁ አታፏጩ። ሥራ ላይ ነው። አስናቀች ወርቁ በክራራቸውና በድምፃቸው ብቻ ቤት ሙሉ ሰው ዝም ያሰኙ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ የክራር ንግሥት ተብለው ነው የተሸኙት።

ዋሽንት ከሸምበቆ ይሠራል፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው። ትንፋሽ ብቻ ስለሆነ ወሬ ካለ አይሰማም። በገና ደግሞ አሥር ክር ሲኖረው፣ በየክሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ እንዚራ ይባላል፣ ያን የሚያንዘረዝር ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው እሱ ነው። በገና የጸሎት መሣሪያ ስለሆነ ለጭፈራ አይነሳም። ዓለሙ አጋ በልጅነታቸው ከአንድ የበገና መምህር ተምረው፣ ኋላ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እሳቸውም በገና አስተምረዋል። መምህር መምህርን ወለደ ማለት ይህ ነው።

ወንበሩን እንዴት እንደርድር?

ሳይንስ የምታስተምሩ አሠልጣኞቻችን ታርሙን እንደሆነ እንጂ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ ከምንጩ ሲርቅ በዙሪያው ይበተናል። ግልጥ በሆነ ቦታ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በ2 ሜትር ላይ ያለ ሰው የሚደርሰውን ድምፅ አንድ ብንል፣ በ4 ሜትር ላይ ላለው ሩብ፣ በ8 ሜትር ላይ ላለው ደግሞ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው የሚደርሰው። በክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን መልሶ ስለሚያቀብል ጉዳቱ ይቀንሳል፣ ቢሆንም የኋላው ወንበር ሁልጊዜ ይጎዳል።

ስለዚህ ወንበሩን እንደ ትምህርት ክፍል በረድፍ መደርደር ስሕተት ነው። ተጫዋቹን አንዱን ግድግዳ አስጠግቶ፣ ሰውን በግማሽ ክብ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ማስቀመጥ ይሻላል። ግድግዳው ጀርባውን ይዞ ድምፁን ወደ ፊት ይገፋዋል። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ያስተጋባል፣ ቃሉ ይደበላለቃል። ሰው ሲሞላበት ልብሱና ገላው ማስተጋባቱን ይውጠዋል። በክረምት ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከመጣ ምንም ብልሃት የለውም፣ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው። አዝማሪዎቹ ይህን ሁሉ ሳይማሩት ነው የሚያውቁት። በጠባብ ቤት፣ በእንግዳው ጆሮ ሥር የሚጫወቱት ለዚህ ነው።

ልብ ካላችሁ ይህ ለማስተማርም ይጠቅማል። ገጠር ስንመደብ 60 እና 70 ልጅ ያለበት ክፍል ይጠብቀናል፣ ማይክራፎን ግን አይጠብቀንም።

ንቀቱ ከየት መጣ?

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ ሳቅ እንመለስ።

በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ሲናቅ ኖሯል። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ አዝማሪው። ሸማውን እንለብሳለን፣ በሸክላው እንበላለን፣ በማረሻው እናርሳለን፣ በማሲንቆው እንጨፍራለን፣ ከዚያ ሠሪውን እንሰድባለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲተው በአዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ስድቡ ግን ገና አላረጀም።

ስለ ላሊበላዎችም የሚነገረውን ታውቃላችሁ። መዝፈን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል፣ ይህ እምነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። እኛ በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ነው። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በዘር የማይወርስ፣ እርግማን ያልሆነ፣ በኪኒን የሚድን መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ዘፈን በሽታ አያመጣም፣ ዘፈን ማቆምም በሽታ አያመጣም። ሰውን ከሰው የሚያርቀው የኛው ወሬ ነው።

ለመምህር ምን ያገባዋል?

«እኛ ልናስተምር ነው የመጣነው እንጂ ልንዘፍን አይደለም» የሚል ይኖራል። መልሳችን ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። አንዱ ክፍሉ ሙዚቃ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው በሙዚቃ የሠለጠነ ሰው ሳይሆን ክፍለ ጊዜ የጎደለው መምህር ነው። ያ መምህር ነገ እኛ ነን። በሰው ፊት አንድም ቀን ዘፍኖ የማያውቅ ሰው ልጆችን እንዴት ዘምሩ ይላል? የክፍት መድረክ ምሽት ለዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ለመምህርም ልምምድ ነው። በሰው ፊት መቆም፣ መሳሳት፣ እንደገና መጀመር እዚያ ይለመዳል።

ሁለተኛው ይበልጣል። የማሲንቆው ጓደኛችን ያጫወተንን ፈቅዶልን እንጽፋለን። አራተኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነሳ «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ይል ነበር። ተራው ሲደርስ ተነሳና «አዝማሪ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። «ልጆች ይስቃሉ፣ ምን ይደረግ» አለን። «ግን መምህሩን ቀና ብዬ ሳየው እሱም ይስቅ ነበር።» ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ አባቱ የጠየቀው ሁሉ «ገበሬ ነው» የሚል መልስ ነው ያገኘው። እዚህ ሲመዘገብም ገበሬ ብሎ ነው የጻፈው።

ይህን ሲነግረን የሻይ ቤቱን ሳቅ አስታወስንና አንገታችንን ደፋን። ያ መምህር ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ሳቅ አመለጠው። እኛም እኮ አምልጦን ነው። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ እያንዳንዳችን አንድ ክፍል እንረከባለን። እዚያም የአዝማሪ ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ይኖራል። ተነስቶ እውነቱን ሲናገር ቀና ብሎ የሚያየው የኛን ፊት ነው።

የቅዳሜው ምሽት

ስለዚህ መብራት እስኪጠፋ ሳንጠብቅ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ በመመገቢያ አዳራሹ ክፍት መድረክ እንዲኖር አሳስበናል። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊያችን ፈቅደውልናል፣ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ደንቡ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ድምፅ ማጉያ አይገባም። ስልክ ይጠፋል፣ ቪዲዮ መቅዳት የሚቻለው ተጫዋቹ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

2ኛ. መጫወት የሚፈልግ ስሙን ከዚህ ወረቀት ሥር በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ይጽፋል። አንድ ሰው ሁለት ጨዋታ ብቻ ያቀርባል። አሠልጣኝ መምህራንም በተራቸው ነው፣ ወረፋ አይዘለልም።

3ኛ. በየትኛውም ቋንቋ መጫወት ይቻላል። ማደሪያችን ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛና ጋሞኛ ይነገራል። ተጫዋቹ የዘፈኑን ፍሬ ነገር አስቀድሞ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገረን።

4ኛ. «ተቀበል» ማለት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይበረታታል። ሆኖም የሰውን ብሔር፣ ሃይማኖት፣ አካልና የቤተሰብ ሥራ የሚነካ ስንኝ አይሰጥም።

5ኛ. የተሳሳተን ማንም አይስቅበትም። መሳቅ ያማረው በተራው ወጥቶ ይሞክር።

በገንዘብ ነገር ግን ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን በግንባር ላይ ብር መለጠፍ ይከልከል፣ ያዋርዳል አልን። የማሲንቆው ጓደኛችን በዚህ አልተስማማም። «በግንባር የሚለጠፈው ብር የአባቴ ደመወዝ ነው። ደብተር የገዛልኝ እሱ ነው። ውርደት አትበሉት» አለ። ዝም አልን። ቀጠለና «እዚህ ግን ሁላችንም ተማሪዎች ነን፣ ማንም ለእንጀራው አይጫወትም። ቆርቆሮ እናስቀምጥ፣ የወደደ ይጣልበት፣ ለክርና ለቆዳ ይሆናል» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ቀዳዳ ወጥቶለት ተዘጋጅቷል።

የመጀመሪያው ምሽት የፊታችን ቅዳሜ ነው። ይህን ስንጽፍ ዝርዝሩ ላይ ሰባት ስም ሰፍሯል፦ ሦስት ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ ሁለት ያለ መሣሪያ የሚዘፍኑ፣ አንድ ደግሞ ግጥም ብቻ የሚያነብ። ደንቡን አብሮን ያወጣው የማሲንቆው ባለቤት ግን ስሙን አልጻፈም። ጻፍ ብለንም አልወተወትነውም። ስምንተኛውን መስመር ባዶ ትተነዋል፣ ሌላ ሰው እንዳይጽፍበትም እንለምናለን። ሻይ ቤት ውስጥ ለሳቅነው ሳቅ ይቅርታችንን በዚሁ ጋዜጣ፣ ሁሉም በሚያነበው ቦታ፣ እንጠይቃለን።

ቅዳሜ ማታ በሰዓታችሁ ኑ፣ ግማሽ ክቡ ሳይሞላ ቅርብ ቅርቡን ያዙ።

ቸር ይግጠመን!

የማደሪያ ቤቱ ዕጩ መምህራን